«ይሄን የመሰለ ልጅ ወታደር ቤት?»

ባለፈው ቅዳሜ አራት መስመር ጽፌ ነበር። አንድ ተማሪዬ ዕጩ መኮንን ለመሆን ማመልከቱን፣ እኔም የጠየቀኝን የድጋፍ ደብዳቤ ደስ ብሎኝ እንደጻፍኩለት። በቃ ይኸው ነው። ስሙን አልጠራሁም፣ ፎቶውን አልለጠፍኩም። እንደተለመደው ሠላሳ አርባ ላይክ አግኝቶ የሚያልፍ መስሎኝ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ኮሜንቱ ሌላ ዓለም ሆኗል።

«ቲቸር፣ ይሄን የመሰለ ልጅ ወታደር ቤት?» ይላል አንዱ። የድሮ ተማሪዬ ነው፣ አሁን ባንክ ይሠራል። «ውጤት የመጣለት ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ትላለች ሌላዋ። አንድ ጭራሽ የማላውቀው ሰው ደግሞ «ያንተ ልጅ ቢሆን ትጽፍለት ነበር?» ብሎ ከእኔ ፖስት የበለጠ ላይክ ሰብስቧል። በኢንቦክስ የመጣውን እዚህ አልደግመውም፤ እናቶቻችሁም ፌስቡክ ላይ አሉ።

ለእያንዳንዱ ልመልስ ብዬ ጀመርኩና ሰለቸኝ። ስለዚህ ባንድ ላይ ልመልስ። ረጅም ነው። የቸኮለ ይለፈኝ፤ መሳደብ የፈለገ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሳደብ።

በመጀመሪያ ልጁ «የወደቀ» አይደለም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፏል፣ ያውም በደንብ። ይሄ በዚህ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ2014 ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። ዓመቱን ሙሉ ጠመኔ ሲበላ ከርሞ፣ ውጤት በተለቀቀ ቀን የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዞ በጣት ሲቆጥር የዋለ መምህር ይሄ ቁጥር ምን እንደሚመስል አትንገሩት። እና ይሄ ልጅ ከተቆጠሩት አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ከፈለገ ምሕንድስና ያጠናል። አልፈልግም ያለው እሱ ነው።

ለምን ብዬ ጠይቄዋለሁ። እንደ ፊልም «አገሬን ለማገልገል!» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም፤ ቢያደርግ ኖሮ እኔም እጠራጠረው ነበር። «ቲቸር፣ ሥራ ስለሆነም ነው፣ ስለምወደውም ነው፤ የቱ እንደሚበልጥ እኔም አላውቀውም» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መልስ ከስንት ዲግሪ አመልካች ሰምታችኋል? ሜዲሲን የሚሞላው ልጅ ሁሉ የሰው ሕመም እንቅልፍ ነስቶት ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ይሄን የመሰለ ልጅ» የሚለው ንግግር ውስጡ ምን እንዳለ አስተውላችኋል? «ይሄን የመሰለ» ካልሆነስ? ያልጎበዘ፣ የማይጠየቅ፣ የማይታዘንለት ልጅ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ ቦታው ነው ማለታችሁ ነው። የእኛ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይሄ ይባላል። ደብዳቤውን ለማኅተም ይዤ ስወጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ «አንተ፣ ለዚህ ለዚህ የወደቁት መቼ አነሱን?» ብሎኝ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ግን እስቲ ቀልዱን ግለጡት። ጠብመንጃ የያዙ ሠላሳ አርባ ሰዎችን የሚመራ፣ ተኩስ የሚልና አትተኩስ የሚል ሰው፣ እኛ ከክፍላችን ለምንም አይሆንም ብለን የጣልነው ይሁን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያው ሰው ጥፋት ሲያጠፋ «ምን ዓይነት ያልተማረ ነው!» ብለን በፌስቡክ እንጽፋለን።

ማዕረጎቻችንን እዩዋቸው። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ ሻለቃ፤ ሻለቃም ያው የሺ አለቃ ማለት ነው። ሁሉም ቆጠራ ናቸው። የሚቆጠረው ደግሞ ጠብመንጃ አይደለም፣ የእናት ልጅ ነው። ስንቱ የእናት ልጅ በአንተ እጅ ነው የሚል ጥያቄ ነው ማዕረጉ። እንግዲህ ለዚህ ጥያቄ ከክፍሉ የመጨረሻውን ረድፍ ነው የምትልኩት?

«አንተ ራስህ ማን ሆነህ ነው?» የሚል ኮሜንትም አይቻለሁ፤ «ዲፕሎማ ይዘህ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለህ» የሚል። እውነት ነው። እንዲያውም ለክርክሬ ስለሚጠቅመኝ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። እኔ 10ኛ ክፍል ስፈተን ጥሩ ያመጡት ወደ መሰናዶ ገቡ፤ እኛ ተከታዮቹ ወደ መምህራን ኮሌጅ፣ 10+3። ማንም መምህር መሆን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ውጤቴ ነው የመለሰልኝ። በኋላ መምህር ጠፋ ተብሎ «ለጊዜው» ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩ፤ ጊዜው ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ግን የወደድኩት ከገባሁበት በኋላ ነው። አገሪቱ መምህርነትን የተረፈ ሰው ማስቀመጫ አድርጋው ስታበቃ፣ ዛሬ 3.3 ከመቶ ሲመጣ ደንግጣ «ምን ሆነን ነው?» አለች። ምን ሆነን ነው አትበሉ፣ ቅርጫቱን ያስቀመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ከቅርጫቱ ውስጥ ሆኜ ነው የምናገረው። ሌላ ሙያ ደግሞ እዚያው ቅርጫት ውስጥ ሲጨመር ዝም ብዬ አላይም።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም እኮ። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 አካባቢ ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከሕንድ የመጡ መኮንኖች ነበሩ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ውትድርናው ከቀለም ትምህርት ጋር ተደምሮ። ዕጩዎቹን የሚፈልገውም ጥሩ ውጤት ካላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውስጥ ነበር። ማለትም በዚያን ጊዜ «ይሄን የመሰለ ልጅ» የሚባለው ልጅ ነበር የሚጠራው። ከዚያ በፊት በ1927 የስዊድን መኮንኖች ያቋቋሙት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትም አለ። ከሆለታ የወጡት ወጣቶች ሥልጠናቸውን በወጉ ሳይጨርሱ ጣሊያን መጣባቸው፤ ከእነሱ መካከል ናቸው በምዕራብ በኩል ጥቁር አንበሳ ከሚባለው ጋር ሆነው የተዋጉት። ታሪክ ስለማስተምር ብዙ ልቀጥል እችላለሁ፤ ልተወው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ወደ ሁለተኛው ጉዳዬ ስለሚወስደኝ። የሐረሮቹና የሆለታዎቹ መፎካከር የታወቀ ነው። ሐረሮቹ በትምህርታቸው ይኮራሉ፣ ሆለታዎቹ ከታች ጀምረን በልምድ የመጣን ነን ይላሉ። አዛውንት መኮንኖች ሲጫወቱ የሰማ ሰው እስከ ዛሬ «እሱ እኮ ሆለታ ነው» ወይም «ሐረር ስለሆነ ነው» ሲባባሉ ይሰማል። ሲሉት እየሳቁ ነው። አንዳንዴ ግን ሳቁ ጥርስ ላይ ብቻ ነው።

ይሄን ያነሳሁት በእኔው ልጆች ምክንያት ነው። የ2008 ባች የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ እኔንም አስገብተውኛል፣ ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ አነባለሁ። ከባቹ ሦስቱ ሠራዊት ውስጥ ናቸው። አንደኛው እግረኛ ነው፣ አሁን መቶ አለቃ ሆኗል። ሁለተኛው አየር ኃይል ነው፣ ቢሾፍቱ፤ ቴክኒክ ክፍል ነው፣ አውሮፕላን ይጠግናል እንጂ አያበርም። ይሄን ግን እናቱ ሠፈር እንዳትናገሩ፣ እዚያ ፓይለት ነው። ሦስተኛው ዘግይቶ ባሕር ኃይል ገባ። የእሱን መከራ መገመት ትችላላችሁ።

ግሩፑ ውስጥ የሚባባሉትን ብታነቡ ጠላትነት ይመስላችኋል። እግረኛው አየር ኃይሉን «እናንተ እኮ ጦርነት ሄዳችሁ ለእራት ትመለሳላችሁ» ይለዋል። አየር ኃይሉ ደግሞ «አንተ ስታድግ ምን ይሰጡሃል፣ አዲስ አካፋ?» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ተባብረው ባሕር ኃይሉ ላይ ይወርዳሉ። «ጌታው፣ ዛሬ ጣና ላይ ስንት ጉማሬ ማረክህ?» «እምቦጩ እጅ ሰጠ ወይ?» እሱ ታጋሽ ነው፤ «ባሕሩ እስኪመጣ ዋና እየተለማመድን ነው» ብሎ ይመልሳል። አንድ ቀን ግን ተናዶ የባሕር ኃይሉን ታሪክ ጻፈላቸው። በ1940ዎቹ እንደተቋቋመ፣ ምጽዋ ላይ የራሱ ኮሌጅ እንደነበረው፣ ኖርዌያውያን እንዳሠለጠኑት፣ በ1983 መርከቦቹ ወደ የመን እንደተሰደዱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2011 እንደገና እንዲቋቋም እንደተወሰነ። ልጁ ይሄን ሁሉ አጥንቷል! ለፈተና አንድ ገጽ አንብብ ብዬ ስለምነው የነበረው ልጅ! መልሱ ምን ሆነ? እግረኛው «እሺ፣ ጉማሬውስ?» አለ።

በየዓመቱ የካቲት 26 ደግሞ የካራማራ ጦርነት በግሩፑ ውስጥ እንደ አዲስ ይፈነዳል። አየር ኃይሉ «አየሩን ባንቆጣጠርላችሁ ኖሮ የት ትደርሱ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ኤፍ 5ን ይጠራል፣ ለገሠ ተፈራን ይጠራል። እውነቱን ነው፤ ለገሠ በኤፍ 5 የሶማሊያን ሚጎች ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነው፤ እሱም ተመትቶ ተማረከና 11 ዓመት ሶማሊያ ታሠረ። እግረኛው «ተራራውን በእግሩ የወጣው ማነው? አውሮፕላን ባንዲራ ይተክላል?» ይላል። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱም መድፈኛውን ይረሳሉ፣ ታንከኛውን ይረሳሉ፣ ከየቀበሌውና ከየገጠሩ የዘመተውን ሚሊሺያ ይረሳሉ፣ ኩባዎቹን ደግሞ ሙሉ በሙሉ። አንድ ጊዜ ጣልቃ ገብቼ ስለ ኩባዎቹ ብጽፍ ሁለቱም ተባብረው «ቲቸር፣ ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

የኮሜንት ሰጪዎቼ ሁለተኛ ክስ ከዚህ የሚነሳ ነው። ባለፈው ፖስት ሥር እነዚህ ልጆች መጥተው አዲሱን አመልካች «እኛ ጋ ና»፣ «የለም እኛ ጋ ና» እያሉ ሲሻሙበት ያየች አንዲት እህት «እርስ በርሳቸው እንዲህ የሚናናቁ ሰዎች ናቸው አገር የሚጠብቁት?» ብላ ጽፋለች። እህቴ፣ አልገባሽም። ያ ንቀት አይደለም። እግረኛው ታሞ ሪፈራል በተጻፈለት ጊዜ ገንዘብ አሰባስቦ ሆስፒታል ያደረው አየር ኃይሉ ነው። ባሕር ኃይሉ ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ሁለቱ ናቸው፤ የልጅቷ አባት «ባሕር ኃይል ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ እነዚያ ቀልደኞች አንድም ሳይስቁ መልሰዋል አሉ። ድሮ አየር ኃይሉ ንብ የሚባል የራሱ ቡድን ነበረው፤ ዛሬ ሦስቱም የሚደግፉት አንዱን መቻልን ነው። ሲሸነፍ ግን ጥፋቱ የምድር ጦር ነው ወይስ የአየር ኃይል በሚለው ላይ ይጣላሉ።

መፎካከር መቼ ይመርዛል ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱም ታሪካችን ውስጥ አለ። ክብር ዘበኛና ጦር ሠራዊትን አስቡ። ክብር ዘበኛ ልብሱ ያምራል፣ ሥልጠናው ይለያል፣ ለቤተ መንግሥት ይቀርባል። ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ከእሱ የወጣ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ያን ቀን ክብር ዘበኛ ነው፣ ጦር ሠራዊት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የእኛ ነው አለ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 1953፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጋር ቆሙ፤ ሁለቱ የአንድ አገር ጦሮች አዲስ አበባ መሀል ተታኮሱ። ጉዳዩ ፖለቲካ ነው፣ ቀልድ ያመጣው አይደለም። ነገር ግን ለዓመታት አንዱ «ልዩ»፣ ሌላው «ተራ» እየተባለ መኖሩ እሳቱ ሲጫር ደረቅ ጭራሮ ሆኖ ጠብቋል ብዬ አምናለሁ። እንግዲህ ልዩነቱ ያ ነው። ልጆቼ አካፋና ጉማሬ እየተባባሉ የሚበሉት እንጀራ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ይቀልዱ። አንዱ የቤት ልጅ ሌላው የእንጀራ ልጅ የሆነ ቀን ግን ቀልዱ ያበቃል። ለዚህ ተጠያቂው ቴሌግራም ላይ የሚተራረበው መቶ አለቃ አይደለም፣ ከላይ ሆኖ የሚያድለው ነው።

አንድ ነገር ግን ለእነዚህ ለሦስቱም ልወቅሳቸው። አዲሱን ልጅ ስትሻሙት የነገራችሁት ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ መነጽርና ስለ ቢሾፍቱ ዓሣ ነው። የ18 ዓመት ልጅ ነው! «አየር ኃይል ካልሆነ አልገባም» ብሎ መጣብኝ እኮ። ዓይኑ ለበረራ የሚያበቃ መሆኑን ገና አላስመረመረም። ፍላጎቱን ጽፎ ይሰጣል እንጂ መርጦ እንደ ሸቀጥ አያነሳም። ምዘናው ነው፣ ጤናው ነው፣ የሠራዊቱ ፍላጎት ነው የሚወስነው። እግረኛ ቢመደብስ ቀረ ማለት ነው? ያ ከሆነ የፈለገው መኮንንነትን ሳይሆን አውሮፕላን ነው፤ ያን ለብቻው እናውራ።

አሁን ወደ ከባዱ። ብዙ ኮሜንት አልፌያለሁ፣ አንዱን ግን ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት እናት ናት የጻፈችው፤ ፕሮፋይሏን አይቼ ዘጋሁት። «መምህር፣ ነገ ወንድሙ ላይ ተኩስ ቢሉትስ?» ነው ያለችው።

ይሄ ጥያቄ ቀልድ የለውም። እኔ በማስተምርበት ከተማ ባለፉት ዓመታት ድንኳን ያልተተከለበት ሠፈር የለም። አንዳንዱ ድንኳን ሥር የሚለቀሰው በየትኛው ወገን ሆኖ ለወደቀው እንደሆነ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሰው ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ያስተማርኳቸውን ልጆች ስም በልቤ ስጠራ በሁለቱም በኩል ነው። ስለዚህ «አይዞሽ፣ አይሉትም» ብዬ ላጽናናት አልችልም። ውሸት ይሆንብኛል።

የምችለው ለልጁ ያልኩትን መንገር ነው። ደብዳቤውን ከመፈረሜ በፊት አስቀምጬ ጠየቅሁት፤ ይችኑ የእናትየዋን ጥያቄ። ዝም አለ። ከዚያ «ቲቸር፣ አንቀጽ 87ን አንተ ነህ ያስተማርከን» አለኝ። አዎ፣ አስተምሬያለሁ። ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ ይሆናል ይላል፤ ሠራዊቱ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ ይሆናል ይላል፤ ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ያከናውናል ይላል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስጽፌያለሁ፣ ሚድ ላይ አውጥቼ ሁለት ነጥብ ሰጥቼበታለሁ። ግን ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሜዳ ላይ የሚኖረው የሚያስታውሰው ሰው እዚያ ሲኖር ነው። «ያን አንቀጽ የማያውቅ ሰው በአንተ ቦታ እንዲቆም ትፈልጋለህ?» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ነበርኩ ጠያቂው፤ መልስ አጣሁ።

እና እናቴ፣ መልሴ ይሄ ብቻ ነው። ትእዛዝ ሰጪውን አልመርጥም፤ ያ ከአቅሜ በላይ ነው። ከታች ቆሞ ትእዛዙን የሚቀበለውና ለሠላሳ ሰው የሚያስተላልፈው መቶ አለቃ ግን ከአንድ ሰው ቤትና ከአንድ ሰው ክፍል ነው የሚወጣው። የሚያገናዝብ፣ አንብቦ የሚረዳ፣ ሲያመነታ የማያፍር ልጅ ከሁላችንም ክፍል ለይተን እናስቀርና የቀረውን እንላክ ከተባለ፣ ያን ጊዜ ነው ጥያቄሽ ይበልጥ የሚያስፈራኝ። ይሄ አያጽናናሽም፤ እኔንም ሙሉ በሙሉ አያጽናናኝም።

«ያንተ ልጅ ቢሆንስ?» ላለው ደግሞ፦ የእኔ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፤ ለጊዜው የምትፈልገው ትራፊክ ፖሊስ መሆን ነው፣ በፊሽካው ምክንያት። ቁም ነገሩን ከጠየቅኸኝ ግን፣ አላውቅም። ምናልባት እኔም በሩ ላይ ተጋድሜ «በእኔ ላይ ተራምደሽ ሂጂ» እል ይሆናል። አባት እንደዚያ ነው። ግን ያኔ የማደርገው ለልጄ ስለምሳሳ ነው እንጂ ሥራው ለእሷ የማይመጥን ስለሆነ አይደለም። አንተ የጻፍከው ሁለተኛውን ነው። ፍርሃትና ንቀትን አትደባልቅ። የምትፈራ እናት እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ የምትንቅ አንተን ግን እከራከርሃለሁ።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ተማሪዎቼ ነገ ተሰልፈው እንዲመዘገቡ እየቀሰቀስኩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ማንንም ግባ አልልም። በዚህ ሳምንት ብቻ አምስት ልጆች በኢንቦክስ መጥተውብኛል፤ ሁለቱን አይሆንም፣ ቆይ ብያቸዋለሁ። አንደኛው የሴት ጓደኛው ስለተወችው ነው መሄድ የፈለገው። ወንድሜ፣ ሠራዊት የሐዘን ቤት አይደለም። ለሌሎቹ ያልኳቸውን እዚህ ልድገምና እረፍት ላግኝ። ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብቡት፤ ወታደር የሚቀጠርበትና ዕጩ መኮንን የሚመለመልበት ማስታወቂያ አንድ አይደለም፣ ብዙ ልጅ ይሄን ሳይለይ ነው የሚሰለፈው። ዕድሜያችሁን አትዋሹ። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ጀምሮ መመለስ እንደ ዩኒቨርሲቲ ዊዝድሮው መሙላት አይደለም። የፓርቲ አባልነት ካላችሁ ተናገሩ። ገንዘብ ከፍለህ አስገባሃለሁ የሚል ሰው ካለ ሌባ ነው፣ ክርክር የለውም። ሩጫውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሩ፤ የእኛ ሠፈር ልጆች ከመጫወቻ ሜዳው እስከ ባጃጅ ተራ ስትሮጡ የምታለከልኩትን አይቻለሁ። እና ለእናታችሁ ሳትነግሩ እንዳትሄዱ። የስንቱን ልጅ ስልክ ቁጥር እናቱ ከእኔ ተቀብላለች።

የዚህ ልጅ እናት ከነገርኳችሁ ደብዳቤ በኋላ ትምህርት ቤት መጥተው ነበር። እኔን ሊወቅሱ የመጡ መስሎኝ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር የጠበቅኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ሻይ አስመጣሁ፣ ትንሽ ጠጡ። ከዚያ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ። «ይጠይቁኝ እማማ» አልኩ። «እዚያ ብርድ ነው ይባላል፤ ጋቢ ያስገቡለታል?»

አላስገባም የሚሉ ይመስለኛል እማማ፤ ግን እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው። ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው። የሦስቱም መልስ ደርሶኛል፦ እግረኛው «ጋቢውን ይተው፣ ካልሲ ይብዛ» ብሏል። አየር ኃይሉ «እኛ ጋ አይበርድም» ብሏል። ባሕር ኃይሉ ገና እየጻፈ ነው።

ኮሜንት ክፍት ነው። ተከራከሩኝ፣ ስህተት ካለብኝ አርሙኝ። ጉማሬውን የሚያነሳ ግን ብሎክ ነው።